አበል፣ ቶና፣ በረካ

በወሎ ቡና ሦስት ጊዜ ይጠጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የጤናው ዘርፍ ወገኖቻችን አንዲት ፊደል ብቻ ነካ አድርገው ሥርዓቱን ወደ ላቀ ደረጃ አሸጋገሩት፤ አበል፣ ቶና፣ በረካ። እኔም ባለፈው ሰኔ የሕክምና ስህተትን ለመቀነስ በተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ በማኅበረሰብ ተወካይነት ተጠርቼ ሦስቱንም ጠጥቻለሁና፣ ውለታ በላ እንዳልባል ምስጋናዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ከቦታ አመራረጡ ልጀምር። ደሴ ውስጥ አዳራሽ ሞልቷል። ነገር ግን ሰው በሚሠራበት ከተማ ቢሠለጥን ውሎ አበል አይታሰብለትም፤ አበል የሌለው እውቀት ደግሞ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ስለዚህ የደሴዎቹ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ኮምቦልቻ ይሠለጥናሉ፤ በዚያው ሳምንት የኮምቦልቻዎቹ ሐረጎን ወጥተው ደሴ ይሠለጥናሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ሚኒባሶች ጠመዝማዛው ላይ ሲተላለፉ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ፣ እኛም በመስኮት እጃችንን አውለበለብን። ስህተት ከላይም ከታችም ተከብቦ መውጫ ሲያጣ በዓይኔ አየሁ።

ጊዜውም ታስቦበታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተበላ ገንዘብ ተመላሽ ነው። በመሆኑም ስህተት ከሐምሌ እስከ ግንቦት ተዘርቶ፣ በቅሎና አፍርቶ በሰኔ ይታጨዳል። የትኛው ገበሬ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አለው?

የመጀመሪያው ቀን የትውውቅ ነበር። ስም፣ የሥራ ቦታ፣ «ከሥልጠናው የምጠብቀው»። አርባ ያህል ሰው ነበርንና ትውውቁ እስከ ሻይ ሰዓት ዘለቀ። እግረ መንገዴን ለማነጻጸር ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽም ትውውቅን ያዝዛል፤ ምላጩ ቆዳ ከመንካቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና ድርሻውን ይናገራል። ከደቂቃ አይበልጥም። ቅጹ አንድ ገጽ፣ 19 ነጥብ ነው። በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ሲሞከር የሟቾች ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወረደ። ሆኖም ምስኪን ወረቀት ነው፤ ምሳ የለው፣ ባነር የለው፣ የቡድን ፎቶግራፍ የለው። እንዲህ ያለ ድሃ ተነሥቶ «ሕይወት አዳንሁ» ቢል ማን ያምነዋል?

እኛ ዘንድ ሰዓት ጠባቂ ተመረጠ፤ ያረፈደ ይዘፍናል ተባለ። አንድ ሐኪም አርፍዶ መጣና የባቲ ቅኝትን ዜማ በትዝታ ቅኝት ዘፈነው። ይህ በሦስቱ ቀን ውስጥ ሁላችንም በጋራ የሰማነው ብቸኛ ስህተት ነው፤ አልተመዘገበም።

ስለ መዝገብ ካነሣሁ የቶናውን ቀን መተረክ አለብኝ። አሠልጣኙ «ባለፈው ዓመት ስንት ስህተት መዘገባችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ኃላፊ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡና «ዜሮ» አሉ። አጨበጨብን። መዝገቡንም ለምስክርነት ይዘውት መጥተው ነበር፤ አገላብጬ አየሁት፤ ከመጀመሪያው መስመር በስተቀር እንደ ሙሽራ ቀሚስ ነጭ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ባለሙያ የንጽሕናውን ምስጢር ሹክ አለኝ። ያን መስመር የጻፈችው አንዲት ነርስ ናት፤ የራሷን ስህተት፣ በራሷ እጅ። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሆስፒታል የተሳሳተ ሰው የለም። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ያለ ምሳና ያለ አበል፣ የሥልጠናውን ሁሉ ግብ መታች።

የአልጋ አበሌን ፈርሜ ከተቀበልሁ በኋላ ማታ ማታ ወደ ደሴ እመለስ ነበር፤ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ አስታማሚዋ እኔ ነበርሁ። የሆስፒታሉ ባለሙያዎች ኮምቦልቻ ስህተት በመቀነስ ላይ ስለሆኑ ዋርዱ በአንዲት ሲስተር እጅ ወድቋል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የመድኃኒት ጋሪዋን ተደግፋ፣ በስልኳ መብራት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ስታገላብጥ አገኘኋት።

«ምን ጠፋሽ ሲስተር?»

«ምንም አልጠፋኝም ጋሼ። ይኼኛው የመርፌ መበጥበጫ ውሃ ነው። ያኛው ፖታሺየም ክሎራይድ ነው፤ ሳይበረዝ በደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ሁለቱም እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ፣ ሁለቱም ክዳናቸው አንድ ዓይነት፣ ጽሑፋቸው የጉንዳን እግር የሚያህል። ሁለተኛውን ለብቻው በካርቶን አድርጋ ከጋሪው አወጣችና መደርደሪያው ጥግ ቆለፈችበት። ካርቶኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ «ሳይበረዝ አይሰጥም» ብላ በስክሪብቶ ጻፈች። ስክሪብቶው በፕላስተሩ ላይ አልጎላም፤ ደግማ ደጋግማ አደመቀችው። ቀጥሎ አንድ ማዘዣ አንሥታ ሐኪሙን ፍለጋ ወጣች። 5.0 ተብሎ ተጽፎ ነጥቡ ስለደበዘዘ 50 ይመስላል። ዜሮው መጀመሪያውኑ ባይጻፍ 5 ሆኖ ይቀር ነበር።

በማግስቱ ይህንኑ ለአዘጋጆቹ አነሣሁ፤ ሲስተርዋ ለምን አልተጠራችም? «እሷ ከመጣች ማን ይሠራል?» አሉኝ። አፌን ዘጋሁ፤ እንዲህ የጠራ አመክንዮ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። መርፌ የምትወጋ ሰው ሥራ ስለሚበዛባት ለሥልጠና አትመችም። ለሥልጠና የሚመቸው ከመርፌ የራቀው ነው፤ ከመርፌ የራቀ ሰው ደግሞ በመርፌ አይሳሳትም። ስለዚህ የሠለጠነ ሁሉ አይሳሳትም። ይህ በድህረ ፈተናውም ተረጋገጠ፤ የቅድመ ፈተናው ጥያቄዎች ሳይለወጡ ቀርበውልን ውጤታችን ሰማይ ነካ።

በነገራችን ላይ ተመሳሳይ መልክ ስላላቸው መድኃኒቶች አንድ ስላይድ ታይቷል። ፎቶግራፉ ላይ ያሉት ብልቃጦች ደሴም ኮምቦልቻም ደርሰው የሚያውቁ አይመስለኝም። አሠልጣኙ ከእንግሊዝኛው እንዳለ አነበበውና የምሳ ሰዓት ስለደረሰ ወደሚቀጥለው አለፈ።

በረካው የምርቃት ነው። በዕድሜ ስለምበልጥ እንድመርቅ ተጋበዝሁ። «ከስህተት ይሰውራችሁ» አልኋቸው፤ «አሚን» አሉ። የምስክር ወረቀት ታደለ፤ አሠልጣኙ በቀይ ማርከር በትልቁ «ለስህተት ቦታ የለንም» ብሎ በጻፈበት ወረቀት ፊት ተደርድረን ፎቶግራፍ ተነሣን።

የዚያን ማታ ሲስተርዋ ተረኛ ነበረች። የሥልጠናውን ቦርሳ በትከሻዬ ስታይ ፊቷ በራ።

«ጋሼ፣ ቀይ ማርከር አልተረፋችሁም?»

ቦርሳውን ከፍቼ ፈለግሁ። ማስታወሻ ደብተር፣ የምስክር ወረቀት፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ስክሪብቶ። ስክሪብቶው እንደ እሷው ሰማያዊ ነበር።