የበልግ ዝናብ፣ የቆሰለ ውሻና ያልተሾሙ ሐኪሞች

የአዲስ አበባ በልግ ሰውን ቤት የማስቀመጥ ሥልጣን አለው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ቡና ይቆላል፤ «መንገዱ ጭቃ ነው» ብቻ ብሎ ሦስት ቀጠሮ መሰረዝ ይቻላል። ቤት ውስጥ የቆሰለ ውሻ ካለማ ሰበቡ ሙሉ ነው። ለሠርግ ይሠራል። ለለቅሶ አይሠራም።

ቁስለኛውም የሚበዛው በዚሁ ሰሞን ነው። ውሻ ዝናብ ሲመጣ የቆመ መኪና ሥር ይገባል፤ ባለመኪናውም ከዝናቡ ሲሮጥ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሳያይ ሞተር ያስነሳል። (ቦኔቱን ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ነዳጅ አይፈጅም።)

የተገጨ ውሻ እግሩን ተይዞ አይጎተትም። ጋቢ አጠገቡ ተዘርግቶ በጀርባው በኩል ቀስ ተብሎ ይንሸራተትበትና ሁለት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ ያነሳዋል። «ጋቢዬን!» የሚል ሰው ብርድ ልብስ ያምጣ። ሕመም የያዘው ውሻ ጌታውንም ስለሚነክስ አስቀድሞ አፉ ይታሰራል። አንድ ሜትር የሚሆን የነጠላ ቁራጭ አፉ ላይ ይዞራል፣ አገጩ ሥር ይጠላለፋል፣ ከጆሮው ኋላ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ ይታሰራል። የሚያስታውከው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ ግን መታሰር የለበትም፤ ይታፈናል። ከነከሰ ደግሞ ቀልድ የለም፦ የተነከሰውን ቦታ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም በዚያው ቀን መሄድ።

ይሄኔ ጎረቤት ይደርሳል። የእንስሳት ሐኪም ሩቅ ነው፣ ጎረቤት ቅርብ ነው። አንዱ የተቃጠለ ዘይት ያዝዛል፣ ሌላው ናፍታ፣ እትዬ ደግሞ የተፈጨ ቡና። ዘይቱንና ናፍታውን ውሻው ይልሰዋል፤ እግሩ ሳይድን ሆዱ ይታመማል። ቡናው ደሙን ያቆመ ይመስላል እንጂ ቆሻሻውን ከሥሩ አስቀርቶ ይደርቃል፤ ደግሞስ በዚህ የቡና ዋጋ! ከሁሉም የሚያስፈራው ከኪሱ ፓራሲታሞል የማያጣው አዛኝ ነው። የእሱ ክኒን የውሻን ጉበት ሊጨርስ ይችላል፤ አይቡፕሮፊኑም ጨጓራውንና ኩላሊቱን።

ለመነሻ ጨው ይበቃል። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት፣ መርፌው በወጣለት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ቁስሉን ደጋግሞ ማጠብ። ከዚያ ጎዝ፣ በላዩ ፋሻ። ጥጥ በቀጥታ ቁስል ላይ ከተደረገ ነገ ሲነሳ የሻረውን ይዞ ይነሳል። እግሩ ሲታሸግ የመካከለኞቹ ሁለት ጣቶች ጫፍ ከፋሻው ውጭ ይታይ፤ ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ ፋሻው ጠብቋል። ደሙ አልቆም ካለ ወይም አጥንት ከታየ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ እትዬም ቢቀየሙ።

የበልግ ዝናብ ዋና ጠላትነቱ ከፋሻ ጋር ነው። የራሰ ፋሻ ቁስሉን ያላቁጠዋል፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል። ስለዚህ ውሻው ሊሸና ሲወጣ እግሩ ፌስታል ይለብሳል፤ ሲገባ ፌስታሉ ወዲያው ይወልቃል፣ አለዚያ ውስጡ ያልበዋል። ማሰሪያው ጨርቅ እንጂ የብር ማሰሪያ ላስቲክ አይሁን። ላስቲክ ይረሳል፤ የተረሳ ላስቲክ ደም ይዘጋል። ለውሻ ጃንጥላ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው ሰፈሩ ምን እንደሚለው አስቀድሞ ይወቅ።

ቁስሉን እንዳይልስ የሚያደርገው አንገትጌ ከባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይሠራል፤ ዘይቱን የገዛ ካለ። ሁለቱ ጫፍ ተቆርጦ፣ ስለቱ በፕላስተር ተሸፍኖ፣ ከአንገቱ ማሰሪያ ጋር ይያያዛል፤ በአንገቱና በፕላስቲኩ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ለትልቅ ውሻ ባልዲ ይሻላል። አንድ ቀን በሩን እየገጨ ያኮርፋል፣ በማግስቱ ይለምደዋል።

ትልቁ ጣጣ ምግቡ ነው፤ በልግና ሁዳዴ አብረው ይመጣሉና። 55 ቀን ልኳንዳው ጭር ይላል። በትግራይ የጅብ ዓይነ ምድር የመረመሩ ተመራማሪዎች በሁዳዴ የአህያ ጸጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ አግኝተውበታል። ቁስለኛ ውሻ አህያ አይሰብርም፤ የባለቤቱን እጅ ያያል። የተረፈው ሽሮ ደግሞ አይሆነውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቁስል እንዲሽር ፕሮቲን ስለሚያስፈልግ ያለው መፍትሔ የተቀቀለ እንቁላል በሩዝ ነው። እንቁላል በጾም! ሽታው አጥር ሲሻገር «ለማን ነው የተቀቀለው?» የሚለው ጥያቄ ከእግሩ ስብራት በላይ ሰፈሩን ያሳስባል። «ለውሻው» ቢባል ማን ያምናል? ቅርፊቱን እንደ ደረሰኝ ማስቀመጥ የሚመርጡም አሉ።

በፋሲካ ማግስት ያው ጠያቂ የዶሮ ወጥ አጥንት በፌስታል ቋጥሮ «ለታማሚው» ብሎ ይመጣል። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል፣ መረቁም ሽንኩርት ብቻ ነው። አመስግኖ መቀበል፣ ጠያቂው ሲሄድ አጥንቱን ውሻ በማይደርስበት መድፋት። ፌስታሉ ግን ታጥቦ ይቀመጥ፤ ዝናቡ ገና አላባራም።