ማስተካከያ፦ «ሁለት ዓመት» ያለው ኤርምያስ አይደለም

ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ነቢዩ ኤርምያስ ምርኮኞቹ ከባቢሎን በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመለሱ ተስፋ እንደሰጠ ተገልጾ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። ሁለት ዓመት ያለው ሐሰተኛው ነቢይ የገባዖኑ ሐናንያ ነው (ኤርምያስ 28፥3)፤ ኤርምያስ ባቢሎን ላሉት ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ የጻፈው 70 ዓመት ነው (29፥10)። ደብዳቤው ከኢየሩሳሌም ጥፋት በኋላ ተጻፈ የተባለውም ይታረም። የተላከው የይሁዳ ንጉሥ ኢኮንያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከተማረከ በኋላ፣ ቤተ መቅደሱ ገና ሳይፈርስ ነው።

የተሳሳተው ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባጭሩ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ስለ ሰላም አሳብ የሚናገረው የዚሁ ደብዳቤ ክፍል፣ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11፣ ዛሬ በየግድግዳው ተሰቅሎ፣ በየምረቃው ተነቦ፣ ችግር ሁሉ በቅርብ ቀን እንደሚወገድ ማረጋገጫ ሆኗል። ይህ የሐናንያ ስብከት ነው! ደብዳቤው በመጀመሪያ ከተነበበላቸው ጎልማሶች አብዛኞቹ አገራቸውን ዳግም እንደማያዩ ግልጽ ነበር። ታዲያ ምሕረቱ የት አለ? እዚያው ባቢሎን ውስጥ፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ስለማረከቻችሁም ከተማ ጸልዩ ተባሉ። ፈጣሪ ሕዝቡን ለመባረክ የመመለሻውን ቀን አልጠበቀም። መመለሱም አልቀረም፤ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ538 ገደማ ፈቀደ።

በሕመም አልጋ ላይ ላለ ወይም በስደት ለሚንገላታ ሰው ቁጥር 11ን የምታነቡ ወገኖች፣ እባካችሁ ከቁጥር 5 ጀምራችሁ አንብቡለት።