አባት ያልነበራት ዎንደር ውማን
ስለ ኮሚክስ (የሥዕል ታሪክ) ጀግናዋ ዎንደር ውማን የወጣ አንድ ጽሑፍ "ዎንደር ውማን ከመነሻዋ የዜውስ (የግሪክ አማልክት ንጉሥ) ልጅ ናት" ይላል። ስህተት ነው። ደራሲዋ ዊልያም ማርስተን እ.ኤ.አ. በ1941 ሲፈጥራት አባት የሚባል የላትም። በ1942 በወጣው ታሪኳ የአማዞኖች፣ ማለትም የሴት ተዋጊዎች፣ ንግሥት ሂፖሊታ ከጭቃ ትቀርጻታለች፤ ሕይወት የምትሰጣት ደግሞ የፍቅር አምላክ የሆነችው አፍሮዳይት ናት። ዜውስ አባቷ የሆነው አሳታሚዋ ዲሲ በ2011 ታሪኮቹን እንደ አዲስ ሲጀምር ነው። በእኔ እምነት ይህ ለውጥ በጣም ጎድቷታል። እናት በናፍቆት የሠራቻት፣ ሴቶች ብቻ ያሳደጓት ጀግና ነበረች እኮ! በዚያ ለውጥ ግን እንደ ግሪኩ ጀግና ሄራክለስ ሌላ የዜውስ ልጅ ሆና ቀረች። "የእጅ አምባሯ ጥይት መመለሻ ብቻ ነው" ብለህ አስተያየት ለሰጠኸው ወንድሜ ደግሞ፣ በማርስተን ታሪክ አማዞኖቹን አታሎ በሰንሰለት ያሰራቸው ራሱ ሄራክለስ ነው። አምባሩን የሚያደርጉት ያን ባርነት እንዳይረሱት ነው።