«ስንቴ ደወልኩልህ መሰለህ!» ላለ ሰው ምን ይባላል?

«እንዴ! ስልክህ አይሰራም እንዴ? ስንቴ ደወልኩልህ መሰለህ!»

ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ በእግርህ ብትወርድ ይህን ሳትሰማ አትደርስም። በተለይ ያገኘኸው ሰው ዕዳ ካለበት፣ ለቅሶ ሳይደርስህ ከቀረ ወይም ሥራ ተቀብሎህ ከጠፋ። ሰላምታው ሳያልቅ ይመጣል። እንደተቃቀፋችሁ በጆሮህ ይነግርሃል። አንተ ደግሞ ስልክህ ከእጅህ አልወጣም። ባትሪውም አልዘጋም። ሌላው ሰው ሁሉ ሲያገኝህ ነው የሰነበተው። እሱ ብቻ ነው ያጣህ።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ኔትወርኩ ይሆናላ» ብሎ ያልፍና ነገሩን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። ወይ ስልኩን ያወጣል፤ «የታለ? እስኪ አሳየኝ» ይላል።

ሁለተኛውን መንገድ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ወዳጄ ሲሞክረው አይቻለሁ። ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ጠፍቶ የመጣ ሰው ነው። ቁም ሳጥኑ ተሠርቶ አልቆ ቦታ ይዟል። ሰውየው ገና ከመግባቱ «ስደውል ስደውል አጣሁህ» አለ። ወዳጄ እጁ ላይ ያለውን ኮላ በጨርቅ ጠረገና ስልኩን ዘረጋለት። «ይኸው የሳምንቱ ጥሪ በሙሉ። አንተ የቱ ጋ ነህ?» ሠራተኞቹ ሳቁ። ሰውየው ቀላ። ቀሪውን ከፍሎ ቁም ሳጥኑን አስጫነ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ በር አላለፈም። ወዳጄ ክርክሩን አሸነፈ፣ ደንበኛውን ግን አጣ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ማስረጃ ብሎ የዘረጋው ነገር ማስረጃ አልነበረም።

ስልክ የሚመዘግበው እሱ ጋ የደረሰውን ጥሪ ብቻ ነው። ያልደረሰውን ከየት ያመጣዋል? ስልክህ ዝግ ከሆነ፣ ኔትወርክ ከሌለበት ቦታ ከሆንክ፣ ወይም መስመሩ ከተጨናነቀ ደዋዩ «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ሰምቶ ይዘጋል፤ አንተ ጋ ምንም ምልክት አይቀርም። ሙከራው የሚገኘው እሱ ስልክ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የያዝነው ደግሞ ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ነው፤ አንዱ በ09 የሚጀምር፣ ሌላው በ07። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ስልኮች በአንዱ ሲም እያወራህ ሳለ በሌላው የሚመጣን ጥሪ አይቀበሉም። እናትህ ጋ ግማሽ ሰዓት ስታወራ በሌላው ቁጥር የደወለልህ ሁሉ ዝግ ነህ ተብሏል ማለት ነው። ስልክ ዝግ በነበረበት ጊዜ ማን እንደደወለ በመልእክት የሚያሳውቅ አገልግሎት መኖሩ እውነት ነው። ግን ሁሉም ሰው የለውም። ያለውም ሁልጊዜ አያየውም።

መሬታችንም ለስልክ የተመቸ አይደለም። ደሴ ራሷ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከአዝዋ ገደል አጠገብ ተወሽቃ ያለች ከተማ ናት። ወደ አምባሰል ወይም ወደ ደላንታ ስትወጣ ገደሉን መግለጽ አያስፈልግም። ስልክ ለመደወል ጉብታ የሚወጣ ዘመድ የሌለው ወሎዬ ካለ ይንገረኝ።

ከመሬቱ በላይ ደግሞ ያሳለፍነው አለ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስልክ ጠፋ። ቆቦና ወልዲያ ደግሞ ቀደም ብለው፣ ገና በክረምቱ ነበር ድምፃቸው የጠፋው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ እናቱ ትኑር አትኑር ሳያውቅ ሳምንታት አልፈዋል። ያኔ ያው አንድ ቁጥር ላይ ጠዋት ማታ ሲደውል የከረመ ሰው ስንት ነው? ከሐምሌ 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ እዚህ አገር «ደውዬ አጣሁህ» ያለህን ሰው ሁሉ ውሸታም ልትለው አትችልም። ዋሾውም የሚጠለለው እዚያው እውነት ሥር ነው። አዲስ አበባ ላይ የማይሠራ ሰበብ እዚህ ይሠራል።

አንድ የመለያ ዘዴ አለ፤ ለክርክር ሳይሆን ለራስህ እውቀት ያህል። ሰውየው «ይጠራል፣ አታነሳም» ካለህ ስልክህ ላይ ሚስኮል መኖር አለበት። ከሌለ ነገር አለ። «አይሰራም» ካለህ ግን የራስህን ስልክ አይተህ አታጣራውም። ልምድ ያለው ዋሾ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። «አታነሳም» ሲል አትሰማውም፤ ሁልጊዜ «ዝግ ነው» ነው። «በ09ኙ ነው በ07ቱ?» ብትለው «በሁለቱም!» ይልሃል። ሙስሊም ከሆነ ወላሂን ይጨምርበታል። ክርስቲያን ከሆነ ግሸን ማርያምን ይጠራልሃል። እኔ መሐላው ሲመጣ ነው ጥርጣሬ የሚገባኝ። የምር የደወለ ሰው ምን ያስምለዋል?

ግን ይህ ሰው ምን እያለህ ነው? አጎትህ ሞተው ለቅሶ አልደረሰም። አፍሮ ነው የመጣው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ፊት ለፊት «ረሳሁህ» ወይም «ሰነፍኩ» የሚል ሰው አታገኝም። «ደውዬ ነበር» ማለቱ ይቅርታ መጠየቁ ነው፤ በሌላ መንገድ መጣ እንጂ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ። ይህን ይዘህ ስልክ እያስወጣህ ብትመረምረው ከሁለታችሁ ይበልጥ የምታሳፍረው አንተ ነህ።

ለዚህ ለዚህ ያገራችን ሰው መልሱን ድሮ ጨርሶታል። አብሽር!

«አብሽር፣ ይኸው ተገናኘን። ምን ነበር የፈለግኸኝ?»

በቃ። ይህችን ጥያቄ በቅን ልብ፣ ያለ ሽሙጥ ጠይቃት። የምር የደወለ ሰው ጉዳይ አለው፤ ወዲያው ይነግርሃል። ያልደወለው «እንዲሁ ለሰላምታ ነው፣ ድምፅህ ጠፋብኝ» ይልህና ወሬው ወደ ልጆች ጤናና ወደ ዝናቡ ያልፋል። ማንም አልተዋረደም። አንተም ማወቅ የፈለግኸውን አውቀሃል።

ይህ ግን ለቤትና ለመንገድ ነው። ሥራ ላይ አብሽር ብቻ አይበቃም። ሰኞ ይመጣል የተባለ ቀለም ቀቢ ሐሙስ መጥቶ «ስደውልልህ አትሰራም» ቢልህ፣ ሰኞ የት ነበርክ ብለህ አትጨቃጨቅ። ሐሙስን ያዘው። ከዚያ ግን ስምምነቱን አስተካክል፦ «ከዛሬ ጀምሮ ካጣኸኝ አጭር መልእክት ጻፍልኝ።» ጽሑፍ መልእክት ጥሩ ጠባይ አለው። ስልክህ ዝግ ቢሆን እንኳ ይጠብቅህና ስትከፍተው ይገባል። ካርድ ያለቀበት ሰውም «ይደውሉልኝ» የሚለውን ነፃ መልእክት መላክ ይችላል። ለሱቁ ልጅ መናገርም አለ፤ ለጎረቤት መንገርም አለ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

አለቃህ ፊት «ደውዬለት አላነሳም» ብሎ ጥፋቱን አንተ ላይ የሚያላክክ ባልደረባ ደግሞ አለ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው «ውሸቱን ነው!» ሲል ነው። ወዲያው ነገሩ ከሥራው ወጥቶ የሁለት ሰው ጠብ ይሆናል። እኔ ብሆን «ጥሪ አልደረሰኝም» ብቻ እላለሁ። ይህ ስለራሴ የማውቀው ነው። እሱ መደወል አለመደወሉን አላየሁም፤ መማል አልችልም። ቀጥዬ «ምን ነበር መሠራት የነበረበት?» እላለሁ። አለቃው ራሱ ይጨርሰው።

አጭበርባሪዎቹንም ላንሳቸው፤ ረጅም ነገር የላቸውም። «ቀደም ብለን ደውለንልዎ አላነሱም፣ ሽልማትዎ ዛሬ ማታ ያልቅበታል» ብለው ይጀምራሉ። አላነሳሁም ብለህ እንድትደነግጥ፣ ደንግጠህ እንድትቸኩል ነው። ከዚያ የቴሌብር ምስጢር ቁጥርህን ወይም ስልክህ ላይ የገባውን ኮድ ይጠይቁሃል። እነዚህን አብሽር አትበላቸው። ዝጋው። ጥርጣሬ ካለህ ራስህ 994 ደውለህ ጠይቅ።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጀመረኝ ነገር ልምጣ። «ደውዬ ነበር» የሚለው ቃል የሚጎዳው ሲወርድ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲባል ሰበብ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲባል ግን ውሳኔ ይሆናል።

አንድ ቢሮ መስኮት ላይ ተሰልፈን ነበር። የትኛው እንደሆነ ተዉት፤ የሚመሳሰሉ ብዙ ናቸው። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ አሉ። ከገጠር እንደመጡ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ይናገራል። ወረቀታቸውን ሰጡ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩን አየና «አባባ፣ ደውለንልዎት ነበር እኮ፤ አይሰራም። ተራዎ አልፏል፣ እንደገና ይመዘገባሉ» አላቸው። ሽማግሌው ከኮታቸው ውስጠኛ ኪስ ስልካቸውን አወጡ። ቁልፏ የሚጫን ትንሿ ስልክ ናት። በፌስታል ተጠቅልላለች፣ ፌስታሉ በላስቲክ ታስሯል። ላስቲኩን ፈቱ፣ ፌስታሉን ገለጡ፣ ስልኳን በመስኮቱ ቀዳዳ ዘረጉለት። «እስኪ እየው ልጄ፤ እኔ አላውቅበትም፤ ምን ሆና ይሆን?» ልጁ አልተቀበላቸውም። «ስልኩ ችግር የለውም አባባ፣ ቀጣይ!» አለ። ቀጣዩ እኔ ነበርኩ።

ያ ልጅ ደውሎ ይሁን አይሁን አላውቅም። ክፉ ልጅም አይመስልም። ነገሩ ግን እሱ ጋ አይደለም። ደውሏል እንበል። መብራት ያልገባበት ቀበሌ የሚኖር፣ የገበያ ቀን ከተማ ወጥቶ ስልኩን ቻርጅ የሚያስደርግ ሰው አንድ ጊዜ ተደውሎለት ዝግ ስለሆነ ወራት የጠበቀው ተራ ይቀማል? ሰው መሆኑ እንዲታወቅለት ተራራና ባትሪ መሻገር አለበት? ቢሮው ካልደወለ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው የለም። እንጨት ሠሪው ወዳጄ ደንበኛውን «አሳየኝ» ማለት ችሏል። ሽማግሌው ግን መስኮቱን «አሳየኝ» ሊሉት አይችሉም። ይልቁንም የራሳቸውን ስልክ ነው ያቀረቡት። ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች ብለው ነዋ።

ለጓደኛህ ነውር የሆነው ጥያቄ እዚህ ጋ መብት ነው። መቼ ተደወለ? ማን ደወለ? በየትኛው ቁጥር? በትሕትና፣ ግን በግልጽ መጠየቅ አለበት። ሽማግሌው ባይችሉ ከኋላ የተሰለፍነው ልንጠይቅላቸው እንችላለን። በተለይ ቁጥሩ ይነበብ። ከአሥሩ አሃዝ አንዷ ፎርሙ ላይ ተሳስታ ከተጻፈች የሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲደወል ነው የሚከረመው። ምዝገባ ላይ ሁለተኛ ቁጥር፣ የልጅ ወይም የጎረቤት፣ ማስጻፍም ይረዳል።

ከቢሮዎቹ የምጠብቀው ከባድ ነገር አይደለም። በጥሪ ብቻ የማንም ተራ አይለፍ። ዝግ ከሆነ ጽሑፍ ይላክ። የተደወለበት ቀንና ሰዓት መዝገብ ላይ ይስፈር፣ የደወለውም ይፈርምበት። የገጠር ሰው ከሆነ በቀበሌው በኩል ይነገረው፤ ቀበሌዎች ለስብሰባ ሲሆን ሰው ማግኘት አቅቷቸው አያውቅም። ስሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ሁሉ ሳይደረግ «ደውለን ነበር» የተባለ ሰው በመጣ ቀን ተራው እዚያው ይጠብቀው። አዲስ ምዝገባ አይጠየቅ።