ጀማሪውን ዳኛ ብቻውን አትላኩት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ በሳምንቱ መጨረሻ የታዳጊዎች ኳስ አይጠፋም። ፊሽካውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ገና ዳኝነት የሚማር ወጣት ነው። 17ቱን የእግር ኳስ ሕጎች አጥንቷል። ከዚያ ያለ ረዳት ዳኛ ብቻውን ሜዳ ይገባል። ይህ መቅረት አለበት።

ሕጉን ማጥናት ቀላሉ ነው። ከባዱ ቦታ አያያዝ ነው። የመሐል ዳኛ የሚሮጠው በሰያፍ ነው፤ ጨዋታው በእሱና በረዳቱ መካከል እንዲሆን። ረዳት ከሌለ ይሄ ሁሉ ይፈርሳል። ኦፍሳይድ ለመፍረድ ኳሷ በተመታችበት ቅጽበት ከኋላ ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ ጋር ትይዩ መሆን ያስፈልጋል። አንድ ሰው አቀባዩንም ተከላካዩንም እኩል ማየት አይችልም። ስለዚህ ልጁ ይገምታል። ሲገምት ደግሞ ዳር የቆመው ሁሉ «ሌባ!» ይለዋል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

አድቫንቴጅም አለ። ፋውል ተሠርቶ ኳሷ ከተበደለው ቡድን ጋር ከቀጠለች ዳኛው ያሳልፋል። የጠበቀው ጥቅም በጥቂት ሰከንድ ካልመጣ ተመልሶ ይነፋል። ጀማሪ ግን ይቸኩላል። ፊሽካውን በአፉ ሳይሆን በእጁ ቢይዝ እንኳ ለማሰብ ትንሽ ፋታ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተምረው አጠገቡ ያለ አዋቂ ዳኛ ነው።

ወሎ ዳኝነት ያውቃል። አባጋሮች የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች የተጣሉትን የሚያስታርቁት ሁለቱንም ወገን አስቀምጠውና ሰምተው ነው። የሜዳ ዳኛ ያ ጊዜ የለውም። ትዕግሥቱ ከእኛ መምጣት አለበት። ኢትዮጵያዊቷ ዳኛ ሊዲያ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ደርሳለች። ከወሎም እንዲህ ያለች ዳኛ ልትወጣ ትችላለች፤ ገና ስትጀምር በስድብ ካላባረርናት።

ውድድር የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ልምድ ያለው ዳኛ ዳር ቆሞ ይከታተል፤ በእረፍት ሰዓት ልጁን ያናግረው። ረዳት ዳኛ ከጠፋ ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ሰው ባንዲራ ይያዝ፤ ኳሷ መውጣቷን ብቻ ያሳይ። ለዳኛው ጥያቄ የሚያቀርበውም አምበሉ ብቻ ይሁን። ይሄ በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ተሠርቶበታል። እኛም ጋ ይሠራል፤ ጨዋታው ሳይጀመር ለተጫዋቾቹም ለወላጆቹም ይነገራቸው።