የሜል ብሩክስን ስም የቀየረው ኤሊስ ደሴት አይደለም

ስለ ኮሜዲ ፊልም ሠሪው ሜል ብሩክስ የጻፍከው ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይታረም። «ቤተሰቡ ስደተኛ አይሁድ ስለነበሩ የኤሊስ ደሴት ሹሞች ካሚንስኪን ብሩክስ አደረጉት» ብለሃል። አላደረጉትም። (ኤሊስ ደሴት ኒው ዮርክ ወደብ ላይ የነበረ የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ነው።) ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1926 ብሩክሊን ሲወለድ ሜልቪን ካሚንስኪ ነበር። ስሙን የቀየረው ራሱ ነው፣ ያውም በወጣትነቱ ድራም ሲመታ። ማክስ ካሚንስኪ የሚባል የታወቀ ትራምፔት ተጫዋች ስለነበር፣ እንዳይምታታ ብሎ የእናቱን የቤተሰብ ስም ብሩክማንን አሳጠረው።

ደግሞ የኤሊስ ደሴቱ ወሬ ራሱ፣ ስንቱ ቢደጋግመውም፣ ውሃ አያነሳም። እዚያ ያሉት ሠራተኞች መርከቡ ከመነሻው ይዞት የመጣውን የተሳፋሪ ዝርዝር ነበር የሚያመሳክሩት። ስም የለወጡት ብዙዎቹ ኋላ፣ አሜሪካን ከለመዱ በኋላ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነው።

ሥሩ ላይ ልክ ነህ። የአባቱ ወገን ከዳንዚግ (የዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ግዳንስክ)፣ የእናቱ ከኪየቭ የመጡ አይሁድ ናቸው። ሂትለርን መሳቂያ ያደረገበት «ዘ ፕሮዲውሰርስ» ለድርሰቱ ኦስካር አስገኝቶለታል። በ1974 ደግሞ «ብሌዚንግ ሳድልስ» እና «ያንግ ፍራንከንስታይን»፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት! አንዱን ብቻ ቢሠራ እንኳ ዕድሜ ልኩን በኮራ ነበር።