እርማት፦ ጁሪው አልራራለትም

«ቻርሊ አደልሰን ሰው ቀጥሮ አስገድሎ፣ ጁሪው ራራለት። ከ25 ዓመት በኋላ ይወጣል» ላላችሁት፦ ወሬው በየቦታው ይነገራል፤ ግን ልክ አይደለም።

በፍሎሪዳ ለአንደኛ ደረጃ ግድያ ያለው ቅጣት ሁለት ብቻ ነው፤ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ። ጁሪ (ጥፋተኛነትን የሚወስኑት 12 ተራ ዜጎች) ቅጣት ላይ ድምፅ የሚሰጠው ዐቃቤ ሕግ ሞት ሲጠይቅ ነው። በአደልሰን ላይ አልተጠየቀም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2023 ላይ 12ቱ ሰዎች «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ ሥራቸው አበቃ። በግድያው ክስ ዳኛውም ከዕድሜ ልክ ውጪ ምርጫ አልነበረውም።

25 ዓመቱስ? እሱ የድሮ ሕግ ነው። ከ1994 ወዲህ ለተፈጸመ ግድያ ዕድሜ ልክ ማለት ያለ አመክሮ ነው። አደልሰን ያስገደለው የእህቱ የቀድሞ ባል፣ የሕግ ፕሮፌሰር ዳን ማርክል፣ ፍሎሪዳ ታላሃሲ በሚገኘው ቤቱ ጋራዥ፣ መኪናው ውስጥ እንዳለ የተተኮሰበት ደግሞ በ2014 ነው።

ጁሪ ቅጣት የመረጠው በተኳሹ በሲግፍሬዶ ጋርሲያ ላይ ነው። በ2019 ሞት ተጠይቆበት ዕድሜ ልክ አሉ። ያኔ ለሞት የ12ቱም ድምፅ የግድ ነበር። አንዱ እምቢ ካለ በቃ፣ ሞት የለም። ከ2023 ወዲህ ግን 8 ድምፅ ይበቃል። መናደድ ካማራችሁ፣ በየትኛውም ወገን ብትሆኑ፣ የሚያነታርከው እሱ ነው።